ሳይጠየቁ የፈለጉት ጉንዳኖች

ተረት ተረት ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉ!

ድርቅ በጸናበት ዘመን አንዲት ሚዳቋ ግልገሏን ይዛ ውሃ ፍለጋ ወጣች። ግልገሏ በውሃ ጥም ደክማ ወደ ኋላ ትቀር ነበር።

ሚዳቋ መጀመሪያ ጠንቃቃዋን ኤሊ አገኘች። «እመት ኤሊ፣ ውሃ የት አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አልናገርም። ሦስት ምንጮች አይቻለሁ፤ የቅርቡ ከዋርካው ሥር ነው» አለች ኤሊ። ሚዳቋና ግልገሏ በሩጫ ሄዱ፤ ምንጩ ግን ኤሊ ካየችው ወዲህ ደርቆ ነበር።

ወሬ ወዳዱ በቀቀን ከዋርካው ላይ ሆኖ አያቸውና፣ «ቆዩኝ! ሁሉንም ጠይቄ መጣሁ!» ብሎ በረረ። ወዲያው ተመልሶ፣ «ዝንጀሮ ወደ ላይ ይላል፣ ጅግራ ወደ ታች ትላለች፤ ጉንዳኖቹ ግን ‹ቶሎ ወደ እኛ አምጣቸው› ብለዋል!» አለ።

ጉንዳኖቹ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም። ሚዳቋ ጥያቄዋን ሳትጨርስ፣ «ከቀዩ ገደል ጀርባ ነው! ዛሬ ጠዋት ከዞርናቸው መንገዶች ሁሉ እርጥብ የኮቴ ዱካ የበዛው እዚያ ነው!» ብለው ጮኹ።

«አሁን ጠይቄያችሁ መቼ ፈለጋችሁት?» አለች ሚዳቋ ተገርማ።

«የፈለግነው ሳትጠይቂን ነው! ሩጪ!»

ሮጡ። ከገደሉ ጀርባ ውሃው ሲንቆረቆር ሰሙ! ግልገሏ ዘላ ገባችበትና እስክትጠግብ ጠጣች።

በማግሥቱ ሚዳቋ ልታመሰግን ወደ ጉንዳኖቹ ተመለሰች፤ ቤታቸው ግን ባዶ ነበር። ማንም ገና ያልጠየቀውን ሊፈልጉ ወጥተዋል።

የእኔ ተረት ይኸው፤ የእናንተን ደግሞ ልስማ!