አቀበቱ ሥር የጠፋው ሞተር

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ አያልነህ ይባላል። ይህ ሰው ጉልበተኛ ሞተር ሳይክል ገዛ። ሞተር ስላችሁ ዝም ብሎ ሞተር እንዳይመስላችሁ። ሌላው እያቃሰተ የሚወጣውን አቀበት እሱ በርበሬ በጆንያ ተጭኖበት እንኳ ሽው ብሎ ይወጣዋል። ድምፁ ገና ከወንዙ ማዶ ሲሰማ ሰው ሁሉ አያልነህ መጣ ይላል። የሚያምር ነገር አይቶ አለማድነቅ ንፉግነት ነውና እኔም አደንቃለሁ፤ እውነትም ያምር ነበር።

መከራውም አልቀረለትም። ቤንዚን ያለ ሰልፍ አይገኝም። መለዋወጫ ማግኘት ሎተሪ እንደ መድረስ ነው። ጭስ ማውጫው ባቱን ጠብሶታል። ገበያ ውሎ የደከመው ሁሉ ደግሞ እግረ መንገድህን አድርሰኝ ይለዋል። እሱ ግን ማታ ማታ ጭቃውን እያጠበ ያንጎራጉርለታል። ፍቅር ነዋ።

ከመከራው ሁሉ የባሱት ግን አቶ ጌጡ ነበሩ። አያልነህ የሚወዳት የስንቅነሽ አባት ናቸው፤ ቤታቸው አቀበቱ አናት ላይ ነው። ሞተሩ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር በቅሏቸው ትደነብራለች፤ አንድ ቀንማ ጥላቸው ክንዳቸው ወልቋል። ሽማግሌ ሲላክባቸው ልጄን ለአገር አዋኪ አልድርም ብለው ተቆጡ፤ በስንት ልመና እሑድ ተመልሳችሁ ኑ አሉ። እሑድ እምቢ ካሉ ነገሩ እንዳበቃለት አያልነህ አውቆታል።

ለእሑድ አጥቢያ ዝናቡ ሲወርድ አደረ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የአባባ ዘውዱ እግር አብጦ መራመድ አቃታቸው። ሌሎቹ በእግራቸው ቀድመው ሄደዋል፤ አቶ ጌጡ የሚሰሙት ደግሞ እሳቸውን ብቻ ነው። በደንቡ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን ምን ይደረግ፣ አያልነህ ሽማግሌውን ከኋላው አፈናጦ ተነሣ።

አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። አባባ ዘውዱ ግራ ገባቸው። ቀጠሮው እያለፈ እንደሆነ፣ ይህ ሞተር ደግሞ አቀበቱን ባንድ ትንፋሽ እንደሚወጣው አስታወሱት።

"አውቃለሁ አባባ" አለ አያልነህ። "ግን ልለምን መጥቼ ደጃቸው ላይ አላስጮህም። እርስዎ መሪውን ይያዙልኝ፤ እኔ እገፋለሁ።"

ገፋ። ያ ሁሉ ብረት፣ በላዩ ላይ ሽማግሌ፣ ከሥር ጭቃ። እየተንሸራተተ፣ እያረፈ፣ ደግሞ እየገፋ ወጣ።

አቶ ጌጡ ድምፁን ከሩቅ ሰምተው ሊቆጡ ወጥተው ነበር። ድምፁ ሲቋረጥ ተበላሽቶ ነው፣ እሰየው ብለው ቁልቁል አዩ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ፣ ሞተሩ ምን ነክቶት ነው ብለው አባባ ዘውዱን ጠየቁ።

"ሞተሩስ ደኅና ነው" አሉ ሽማግሌው። "በቅሎዎ እንዳትደነብር ብሎ ነው።"

አቶ ጌጡ የልጁን ጭቃ የበላ ጫማ አዩ፤ በቅሏቸውን አዩ፤ እሷ ረጋ ብላ ሣሯን ትግጣለች። ሽማግሌዎቹ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡምና ሁሉም እንደ ቆሙ ነው።

"በሉ ተቀመጡ" አሉ አቶ ጌጡ። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን አቶ ጌጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአማቻቸው ኋላ ተፈናጠው ከገበያ ሲመለሱ ታዩ። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ በቅሏ መስክ እንደ ወረደች ነገሩትና "እስቲ አሁን አስጩኸው" አሉት አሉ።

ጉልበት ያለው ማስጮህ አያቅተውም። የሚያስከብረው የት ላይ ማጥፋት እንዳለበት ማወቁ ነው። ሀብት ይሁን ሥልጣን ወይም አንደበት፣ ለእያንዳንዳችን የሚያገሣ ነገር ተሰጥቶናል። እርስዎስ የሰው ደጅ ሲደርሱ አጥፍተው ይገፋሉ?