የሞተሩ ልብስ

ቀረብ በሉና ስሙ፤ ነገሩ የተነሳው ከአንድ ልብስ ነው።

አቶ ድልነሳው የፈለጉት ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን ልብስ ብቻ ነበር። ልጃቸው ማንአህሎሽ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ከገጠር እየመጣች ነው፤ የምትደርሰው ሲጨልም ነው። ሆስፒታል የምታደርሳት ትንሽ አውሮፕላን ከሜዳው ላይ ቆማለች። በጨለማ መነሳት አይቻልም፤ ሌሊት ደግሞ የቆላው ንፋስ አሸዋ ያዘንባል።

ፓይለቱ፣ "የሞተሩ ልብስ ተቀዷል። አሸዋ ከዋጠ ነገ አይነሳም። ልብስ ካላገኘሁ አላድርም፤ ሳይመሽ እሄዳለሁ" አለ።

አቶ ድልነሳው ጋቢያቸውን አውልቀው ዘረጉለት።

"አባቴ፣ ይሄ እርስዎን እንጂ ሞተሩን አያለብስም።"

ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጥሶ ሮጡ። "ፓይለቱ ያለ ልብስ አያድርም፤ ልብስ ስፋልኝ።"

"ለማን ነው ጋሼ? ቁመቱስ?"

"ለሞተር።"

"ሱሪ ሰፊ ሞተር ሲለካ የት አይተዋል?" ብሎ ሳቀ። ፊታቸውን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። "ያለ ሸራ አልሰፋም። ሸራ ያለው የዕድሩ ድንኳን ላይ ብቻ ነው።"

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሮጡ። "ፓይለቱ ያለ ልብስ አያድርም፤ ጥሶ ያለ ሸራ አይሰፋም፤ ድንኳኑን ይፍቱልኝ።"

"ለቅሶ ቤት የተተከለውን? ለቀስተኛው ካልተነሳ አልፈታም።"

ወደ ለቀስተኛው ሮጡ። "ፓይለቱ ያለ ልብስ አያድርም፤ ጥሶ ያለ ሸራ አይሰፋም፤ ዳኛው ለቀስተኛ ካልተነሳ አይፈታም፤ እባካችሁ ተነሱ።"

"ወይዘሮ ይርገዱ ሳያሰናብቱን? አይሆንም።"

ወይዘሮ ይርገዱ ትናንት ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። አቶ ድልነሳው ፊታቸው ተንበረከኩ። "ፓይለቱ ያለ ልብስ አያድርም፤ ጥሶ ያለ ሸራ አይሰፋም፤ ዳኛው ለቀስተኛ ካልተነሳ አይፈታም፤ ለቀስተኛው እርስዎ ካላሰናበቱ አይነሳም። ልጄ ምጥ ላይ ናት።"

"የልጄ ሣልስት ሳይወጣ ድንኳኑ ከደጄ አይነሳም" አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ንፋሱ የድንኳኑን ጫፍ ማማታት ጀመረ።

"ቃሬዛው የት ደረሰ?" አሉ ወይዘሮ ይርገዱ ድንገት።

"ወንዙ ጋ ደርሷል አሉኝ።"

"የኔም ልጅ እዚያ ወንዝ ጋ ነው ያረፈው። ቃሬዛው ላይ እንዳለ።" ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "ፍቱት።"

"ሣልስት ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?" አሉ ተከትለው የመጡት ዳኛ።

"ያሻውን ይበል። ለልጄ የማለቅሰው እኔ ነኝ፤ ሸራው አይደለም።"

ወይዘሮ ይርገዱ አሰናበቱ፤ ለቀስተኛው ተነሳ፤ ለቀስተኛው ሲነሳ ዳኛው ፈቱ፤ ዳኛው ሲፈቱ ጥሶ ሰፋ፤ ጥሶ ሲሰፋ ሞተሩ ለበሰ፤ ሞተሩ ሲለብስ ፓይለቱ አደረ። ሌሊቱን ሙሉ አሸዋው ሸራውን ሲደበድብ አነጋ።

ጎህ ሲቀድ ልብሱ ወለቀ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ማታ በቃሬዛ የደረሰችው ማንአህሎሽ ከእናቷ ጋር ተሳፍራ ሄደች። ለአባቷ ቦታ አልነበረም።

አቶ ድልነሳው ከሜዳው በቀጥታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደው፣ በማለዳ ከተመለሰው ለቀስተኛ ጋር ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላኗ በላያቸው አለፈች። የሚጋርዳት ድንኳን ስላልነበረ ለቀስተኛው ሁሉ ቀና አለ። ወይዘሮ ይርገዱ ድምፁ እስኪጠፋ አዩዋት፤ ከዚያም የልጃቸውን ስም ጠርተው ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ድልነሳውም አብረው አለቀሱ።