ሁለቱ መኪኖችና የእታለማሁ ዓይን

አንድ የጨርቅ ነጋዴ በደሴ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጌጡ ነው። ሁለት ጣቃ ጨርቅ ሲያቀርቡለት ዓይኑን ጨፍኖ ጫፋቸውን በጣቶቹ አሸት አሸት ያደርግና የትኛው ቀድሞ እንደሚሳሳ፣ የትኛው ከታጠበ በኋላ እንደሚያጥር ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም። በዚህ ችሎታው ቤት ሠርቷል፣ ልጆች ድሯል፣ ስሙንም አስከብሯል።

ሚስቱ አስካል ወገቧን ትታመማለች። ሐኪሙ «የጀርባ አጥንትሽ ዲስክ ተንሸራቷል፤ ተጨናንቆ የሚሄድና የሚያንገጫግጭ መኪና ላይ እንዳትወጪ» ብሎ አስጠንቅቋታል። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሯ ርቃ አልሄደችም።

አስካል አንዲት ታላቅ እህት አለቻት፤ እታለማሁ ትባላለች። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች አስካልን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። የምትኖረው ከሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ሲሆን ባሏ የአልጋ ቁራኛ ስለሆነ ትታው ወደ ደሴ መምጣት አትችልም። በዚያ ላይ የራሷም ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት መሆኑንና የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነግረዋታል።

ከፋሲካ በኋላ ልጇ ካሳው ለአክስቱ ደወለ። «እማዬ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አስኩን አንድ ጊዜ በደንብ ልያት ትላለች» አላት።

አስካል ይህን ለባሏ ነገረችው። «ኮንትራት መኪና ይዘን እንሂድ፣ ጌጡ። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው አይጠፋም።»

«ምን በወጣሽ!» አላት ጌጡ። «እኔ መኪና ልገዛልሽ እያሰብኩ አንቺ በሰው መኪና ትሄጃለሽ? እህትሽ ቤት በራስሽ መኪና ነው የምትገቢው። ለወገብሽ የሚመች፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወደ መንደሯ የሚወስደውን የድንጋይ መንገድ የማይፈራ መኪና አገኛለሁ።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። አስካልም ስለምታውቀው ፈገግ ብላ ተቀበለችው።

ጌጡ በማግስቱ ይማም ወደሚባል መኪና ሻጭ ግቢ ሄደ። እዚያ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ ብርማ። ሁለቱም ትንንሽ የቤተሰብ መኪኖች ናቸው፤ ሁለቱም ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ሁለቱም ብዙ ያላገለገሉ። ይማም «እነዚህን ነው የምመክርህ። የትኛዋንም ብትወስድ አትጸጸትም» አለው።

ጌጡ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥለትም። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች ሲቀርቡለት አንዱ ከሌላው ይበልጥ ነበር። ነጯን ነድቶ ዳገት ወጣ፤ ብርማዋን ነድቶ ያንኑ ዳገት ወጣ። ነጯ ነዳጅ ትቆጥባለች። ብርማዋ ደግሞ መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል። የነጯ ዕቃ መጫኛ ሰፋ ይላል፤ የብርማዋ ወንበር ለስለስ ይላል። አንዱን ሾፌር ቢጠይቅ «ነጯን» አለው፤ ሌላውን ቢጠይቅ «ኧረ ብርማዋን!» አለው። መካኒክ ይዞ ሄደ። መካኒኩ ኮፈኖቹን ከፍቶ አየና ሁለቱንም አመሰገነ። ጌጡ አላመነውምና ሌላ መካኒክ አመጣ።

ማታ ማታ እራት ላይ ወሬው ሁሉ መኪና ሆነ። አስካል አንድ ቀን ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች «የቱም ይሁን፣ ጌጡ። ሁለቱም ያደርሱናል» አለችው።

«ለማን ብዬ የምለፋ መሰለሽ?» አላት ቅር ብሎት። «ላንቺ ወገብ እኮ ነው።»

እሷም ደግማ አላነሳችበትም። ክረምቱ ገባና «ዝናቡ ያባራ፤ መንገዱ ይድረቅ» አለ ጌጡ። ካሳው በየጊዜው ይደውላል። በሐምሌ «የሰው ፊት በወንፊት ውስጥ እንደማየት ሆኖብኛል ትላለች» አለ። ለመስቀል ሲደውል ደግሞ ስለ እናቱ ዓይን ምንም አልተናገረም። አስካልም ለመጠየቅ ፈራች።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ጌጡ እንደ ልማዱ ይማም ግቢ ውስጥ ቆሞ የብርማዋን ጎማዎች እየዞረ ሲያይ ስልኩ ጠራ። ካሳው ነበር።

«ጋሼ፣ ለአክስቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ስለጨነቀኝ ነው ለእርስዎ የደወልኩት» አለ። «እማዬ ዛሬ በር ላይ ፊት ለፊቷ ቆሜ ማነህ አለችኝ። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሰው ግን አትለይም።»

ጌጡ ስልኩን ዘግቶ ከብርማዋ ራቅ አለ። ይማም ቀረብ ብሎ «ምነው? ክፉ ነገር ሰማህ እንዴ?» ሲለው ነገሩን ሁሉ ነገረው። ከዚያ በደከመ ድምፅ «ለመሆኑ የትኛዋ ናት የምትሻለው?» ብሎ ጠየቀው።

«የመጣህ ዕለት ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጌጡ» አለ ይማም በሐዘን። «ሁለቱም ደህና ናቸው። አንዷ የጎደላት ነገር ቢኖር ኖሮ ይኼን ሁሉ ጊዜ አንተን አያመልጥህም ነበር።»

«አንዷን አሁን ልውሰድ።»

«ስም ማዛወሩ ቀናት ይፈጃል። ዛሬ መሄድ ከፈለግህ ኮንትራት ያዝ።»

ጌጡ መንገድ ወጥቶ ያገኘውን የመጀመሪያ ኮንትራት መኪና ያዘ። አሮጌ ነው፤ የኋላ በሩ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ነጂው ግን ረጋ ያለ ሽማግሌ ነበር።

ቤት ደርሶ ለአስካል ሲነግራት ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ ሣጥኗን ከፈተች። «ደማቅ ነገር ልልበስ። ቀለም እንኳ ይታያት ይሆናል» አለች። ጌጡ ይህን ሲሰማ ወደ ሱቁ ሮጦ ሄዶ ካለው ጨርቅ ሁሉ ደማቁን፣ ቢጫውን ቀዶ አመጣላትና በገዛ እጁ ትከሻዋ ላይ አደረገላት።

በመንገድ ላይ ከነጂው ጎን አልተቀመጠም። ከኋላ ከአስካል ጋር ሆኖ ጋቢ ጠቅልሎ ወገቧን ደገፈላት። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር «አመመሽ?» ይላታል፤ እሷም «ደህና ነኝ» ትለዋለች። እውነትም ያን ያህል አላመማትም። ሐይቁ ከሩቅ ብቅ ሲል እጁን ያዘችው። መኪና ማወዳደር ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተው መቀመጣቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀው።

እታለማሁ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። የእግር ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

አሮጊቷ በሁለት እጇ አየሩን ዳበሰች። «አስኩዬ! ነይ እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ።»

አስካል ተንበርክካ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረች። እታለማሁ አተኩራ አየች፤ አተኩራ አየች። «ቢጫ ይታየኛል» አለች በመጨረሻ። «እንዴት ያምራል! ፊትሽን ግን አጣሁት።» ከዚያ በጣቶቿ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን እየዳበሰች ሄደች። «ወፍረሻል አንቺ!» ብላ ሳቀች። አስካልም እንባዋ እየወረደ አብራት ሳቀች።

ጌጡ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አለ። «መኪና ሳማርጥ ነው።»

እታለማሁ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። ቁጣ አልነበራትም። «ታዲያ ጥሩ መኪና አገኘህ?» አለችው።

ስለ ሁለቱ መኪኖች የማያውቀው ነገር አልነበረም። ከአፉ የወጣው ግን «ሁለት ጥሩ መኪና አግኝቼ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

«እሰይ! በአንዷ ቶሎ ቶሎ አምጣልኝ እንግዲህ። ድምፅዋን ገና አልጠገብኩም» አለችው፤ አጠገቧም እንዲቀመጥ መሬቱን በእጇ መታ መታ አደረገች።

ጌጡ ከዚያ በኋላ ነጯን ገዛ። ጎረቤቱ «ለምን እሷን መረጥክ?» ቢለው «ወደ በሩ ተጠግታ የቆመችው እሷ ነበረች» አለው። በየሳምንቱ አስካልን ይዞ ወደ እህቷ ይሄዳል። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሲያወሩ እሱ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ያዳምጣል። አንዳንዴ ሳቃቸውን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ እታለማሁ የእህቷን ፊት ስትዳብስ ያይና አንገቱን ይደፋል።

ጌጡ ሚስቱን ይወዳት ነበር፤ በዚህ ማንም አይጠራጠር። የድካሙ ሁሉ መነሻ እሷ ነበረች። ነገር ግን ለሰው ብለን የጀመርነው ልፋት ሰውየውን ራሱን ሊያስረሳን ይችላል። ሁለት ደህና ነገሮች ሲቀርቡልን ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ከምናስበው ያነሰ ነው። ያንን ጥቂት ልዩነት ስንፈልግ የሚያልፈው ጊዜ ግን የኛ ብቻ አይደለም፤ ከሚጠብቀን ሰው ላይ የምንወስደው ነው። የተሻለውን ማግኘት መልካም ነው፤ በሰዓቱ መድረስ ግን ይበልጣል።

እናንተስ ዛሬ በየትኞቹ ሁለት ነገሮች መካከል ቆማችኋል? እስክትመርጡ ድረስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁስ ማነው?