ኦርጅናል ነው፣ እንዳትነኩት!

አንድ ሰውዬ የመኪናቸው ካምቢዮ ሞተባቸው። ምን አዲስ ነገር አለው ትሉኛላችሁ። እስቲ ታገሡኝ። መኪና የሌላችሁም አትተኙ፤ ነገሩ እናንተም ዘንድ ይመጣል።

ሰውየው ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ፤ መተሐራ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። የመጋዘን ሰው ታውቁ የለም? ቁልፉን ትራሱ ሥር አድርጎ የሚያድር፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞብኝ ሊወጣ ነው ብሎ የሚያስብ! ጡረታ ወጡ እንጂ ጥበቃው አልወጣላቸውም።

መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ግን አውቶማቲክ ናት፤ ማርሹን ራሷ ትቀያይራለች። ለሽርሽር የያዟት እንዳይመስላችሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ኩላሊታቸው ደክሟል፤ አዳማ እየተመላለሱ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ቀኑ አይዘለልም። ከተዘለለ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው። ታጥበው ሲወጡ ደግሞ በሚኒባስ ተጨናንቀው መመለስ አይችሉም፤ ጉልበት የላቸውም። እንግዲህ ያቺ መኪና ማለት የሴትየዋ ነፍስ ማለት ናት።

ካምቢዮው ሲሞት ጋሽ ታፈሰ መኪናዋን አስጎትተው አዳማ፣ ከድር የሚባል መካኒክ ጋ ወሰዷት። ከድር ገብቶ አየና፣ "ጋሼ፣ ካምቢዮውን አውርጄ ውስጡን በአዲስ ዕቃ እሠራዋለሁ። ግን ራዲያተሩም አብሮ ይውረድ" አላቸው።

"ራዲያተሩ ምን አደረገህ?"

"ምንም አላደረገኝም። የካምቢዮው ዘይት እየሄደ የሚቀዘቅዘው እሱ ውስጥ ነው። አሮጌው ካምቢዮ ሲፈጭ የከረመው የብረት ብናኝ በዘይቱ እየተነዳ ሄዶ እዚያ ተቀምጧል። ይታጠብ፤ አልታጠብ ካለም ይቀየር። አለዚያ ብናኙ ተመልሶ ይመጣና አዲሱን ዕቃ ይበላብዎታል።"

ይቀየር የምትለዋ ቃል! ጋሽ ታፈሰ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰሙም። አንድ ጎረቤታቸው መኪና ጋራዥ አስገብቶ፣ ኦርጅናል ራዲያተሩን አውጥተው ፎርጅድ ገጥመውለት መጣ ሲባል ሰምተዋላ! "ስማ ልጄ፣ ይኼ ራዲያተር ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው። ኦርጅናል ነው፣ እንዳትነኩት!" አሉ። አልበቃቸውም። ምስማር አንሥተው በጎኑ ላይ የራሳቸውን ምልክት ጫሩበት። ያም አልበቃቸውም፤ ዱካ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

ከድር ለመነ። "ወላሂ ጋሼ፣ አጥቤ እዚሁ እፊትዎ ነው የምገጥመው" አለ። ወይ ፍንክች! ምሳ እንብላ ሲባሉ ፉሉን እዚያው አስመጡ። ለሽንት እንኳ ሲሄዱ እየዞሩ እያዩ ነው። ከድር መጨረሻ ላይ እጁን ጠረገና፣ "እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ" ብሎ ካምቢዮውን ብቻ ሠርቶ ሰጣቸው።

መኪናዋ እንዴት ያለች ሆነች መሰላችሁ! ቅቤ ሆነች። ማርሽ ስትቀያይር አይሰማም። ጋሽ ታፈሰም፣ "አየሽ አሰለፈች፣ ቆሜ ባልጠብቅ ኖሮ ይቺን መኪና ሬሳ አድርገው ነበር የሚሰጡኝ" እያሉ በኩራት ነዷት።

ብዙም አልቆየ። መንሸራተት ጀመረች። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትለግማለች። ከዚያ ጭራሽ ቆመች።

ጋሽ ታፈሰ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ከድር የነገራቸውን ያስታወሱ ይመስላችኋል? ኧረ የት ተገኝቶ! ጋራዡ ድረስ ሄደው በሰው ፊት፣ "አንተ ሌባ! አሮጌ ዕቃ ነው የከተትክብኝ!" አሉት። ከድርም ቀላል ሰው አይደለም፤ "ጋሼ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ፤ አሁን ግን ከደጄ ይሂዱልኝ" አለ። ሄዱ።

ሌላ ጋራዥ ገቡ። እዚያም ካምቢዮው ወረደ፣ ተሠራ። እዚያም መካኒኩ፣ "አባቴ፣ ራዲያተሩስ?" ብሎ ጠየቃቸው። "ራዲያተሬ አያፈስ፣ አይሞቅ፣ ምን ቤት ነው? ኦርጅናል ነው፣ እንዳትነኩት!" ዱካው ተሳበ፣ ጥበቃው ቀጠለ። መኪናዋ ወጣች፣ ቅቤ ሆነች፣ ደግሞ መንሸራተት ጀመረች።

ተናደዳችሁ አይደል? እኔም ስሰማ ተናድጃለሁ። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰውየው ብቻ አያውቁም! አንዷ እህታችን እዚያ ጋ ከንፈሯን ነክሳለች፤ አየኋት። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

የመታጠቢያው ቀን ደረሰ። ጋሽ ታፈሰ፣ "ቀስ ብዬ እነዳታለሁ" ብለው ወይዘሮ አሰለፈችን ከጎናቸው አስቀምጠው ተነሡ። ወለንጪቲን አለፍ እንዳሉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ መኪናዋ ሞተች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ጋሽ ታፈሰ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ይጮኻል። ይረግጣሉ፣ ይጮኻል። የጅቡቲ መኪኖች አጠገባቸው እያፏጩ ያልፋሉ። ወይዘሮ አሰለፈች በሩን ከፍተው፣ ያበጡ እግሮቻቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ በአፋቸው ይተነፍሳሉ። ጋሽ ታፈሰ ያን ጊዜ ዞር ብለው የሚስታቸውን ከንፈር አዩት፤ ቀለሙ ሌላ ሆኗል። ከመኪናው ወርደው መንገድ መሐል ገብተው እጃቸውን አወናጨፉ። ያ ቁልፍ ይዞ ሰው ሲያስለምን የኖረ ሰው፣ በመንገደኛ ሁሉ ፊት እያለቀሰ ለመነ።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመላቸው። ሹፌሩ ረዳቱን ከኋላ ጭነቱ ላይ አውጥቶ ሴትየዋን ጋቢና አስገባ። ደረሱ፤ ከሰዓታቸው አልፎ ቢሆንም ነርሷ ቦታ ፈልጋ አስገባቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታጠቡ፣ ተረፉ።

መኪናዋስ? ጋሽ ታፈሰ አማራጭ አልነበራቸውም። በዚያ ሰሞን አዳማ ዘመድ ቤት አርፈው ሳለ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ከድር አስጎተቷት። ከድርም ተቀበላት። ወይዘሮ አሰለፈች፣ "ዛሬ እኔም እመጣለሁ" አሉ። መጡና ያቺ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

ከድር ካምቢዮውን ከፈተ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውስጡ ደግሞ የብር ዱቄት የተበተነበት ይመስላል። ጋሽ ታፈሰ ዘለው፣ "ይኸው! አላልኩም? ያኛው ሌባም አሮጌ ዕቃ ነው የከተተብኝ!" አሉ።

ወይዘሮ አሰለፈች እሳቸውን አላዩአቸውም። "ልጄ፣ ይኼ ዘይት ከዚህ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?" ብለው ከድርን ጠየቁት።

"ወደ ራዲያተሩ እማማ። እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል።"

"ራዲያተሩስ ታጥቧል?"

ከድር ጋሽ ታፈሰን አየ። ጋሽ ታፈሰ ሰማይ ሰማይ አዩ።

"ማን ከልክሎ?" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "ታፈሰ! ማን ከልክሎ?"

"ኦርጅናል ነው እኮ፣ አሰለፈች..."

"ኦርጅናል ይብላህ!" ወይዘሮ አሰለፈች ከዱካው ብድግ አሉ፤ እንዲህ የመነሣት አቅም ከየት እንዳመጡት እንጃ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መርፌ የበሳሳውን ክንዳቸውን አሳዩዋቸው። "ይኼን ታየዋለህ? ደሜ በዚህ ወጥቶ፣ ታጥቦ በዚህ ይመለሳል። የታጠበውን ደም በቆሸሸ ቱቦ ቢመልሱልኝ እኔ ዛሬ አለሁ? ጎኔ ተቀምጠህ ስታየው ኖረህ ይኼ እንዴት ይጠፋሃል? እኔ አስፋልት ዳር ልሞትልህ ነበር! አንተ ቆሜ ጠበቅሁ ትላለህ፤ ምኑን ነው የምትጠብቀው? የገደለንን ነው የምትጠብቀው!"

ጋሽ ታፈሰ ወደ ከድር ዞረው፣ "አውርደው" አሉ።

ከድር አወረደው፤ በግፊት አጠበው። የወጣው ነገር! ጭቃ የመሰለ ጥቁር ዘይት፣ በውስጡ የሚያብለጨልጭ ብረት። የመጀመሪያው ካምቢዮ ብናኝ እንኳ እዚያው ነበር። ራዲያተሩ ጎን ላይ ደግሞ የጋሽ ታፈሰ የምስማር ጭረት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምልክቱ አልጠፋም፤ ዕቃቸውን ማንም አልወሰደባቸውም።

"ከድር፣ ሌባ ብዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ" አሉ።

"ብለውኛል ጋሼ፤ ይቅር ብያለሁ" አለ ከድር። "አሁን ግን ዱካውን ይልቀቁልኝ። ሥራ ልሠራበት ነው።"

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ዞርኩ። ቅድም በጋሽ ታፈሰ ስትስቁ ነበር። እስቲ አሁን ሳቁ!

ባልና ሚስት ተጣላችሁ፤ ሽማግሌ መጣ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ታረቃችሁ። አዲስ ሆናችሁ፤ ጎረቤቱ እንኳ ቀናባችሁ። ከዚያስ? ወር ሳይሞላ በዚያው ነገር፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ጩኸት! ደግሞ ሽማግሌ፣ ደግሞ ጉልበት መሳም። ኧረ ሽማግሌዎቹም ደከሙ! ጾማችሁ፣ ንስሐ ገባችሁ፣ እዚሁ ፊቴ አለቀሳችሁ፤ እንባችሁ የውሸት ነበር አላልኩም። ግን ሰኞ ያው ናችሁ። ከዚያ ጥፋቱ የማን ይሆናል? የሽማግሌው፣ የሚስት፣ የአማት፣ የሰባኪው! ጋራዥ ትቀይራላችሁ። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ወደዚያ ትሄዳላችሁ፤ የሄዳችሁበትም ሰውዬ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃችኋል።

"ያን ጠባይህን ብንነካውስ?" ሲባል ምን ትላላችሁ? "እሱ ተፈጥሮዬ ነው! እኔ ስፈጠር ቁጡ ነኝ። እኔ ስፈጠር ቂም አልረሳም። የአባቴ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ነኝ!" እህ! ኦርጅናል ነው፣ እንዳትነኩት! ማለት እኮ ይኸው ነው። ምልክት ጭረህበት፣ ዱካ ስበህ፣ እግዚአብሔር ራሱ እንዳይነካብህ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሃል! እሱ አዲስ ልብ ይሰጥሃል፣ አንተ አሮጌውን ብናኝ መልሰህ ትለቅበታለህ። ስንት ጊዜ ይሥራህ? ንገረኝ እስቲ፣ ስንት ጊዜ?

ደግሞ ብቻችሁን ብትሆኑ ግድ የለም እል ነበር። ብቻችሁን አይደላችሁም። ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው አለ። እናንተ ነዳጅ እየረገጣችሁ ስትጮኹ፣ እሱ በሩን ከፍቶ በአፉ ይተነፍሳል። ሚስትህ ናት። ልጅሽ ነው። ጋሽ ታፈሰ ዞር ብለው ያን ከንፈር ባያዩ ኖሮ እስከ ዛሬም እየጠበቁ ነበር። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመብላታችሁ በፊት፣ ዞር ብላችሁ ፊቱን እዩት።

ካያችሁት በኋላ ብዙ ጸሎት አላበዛባችሁም። ጋሽ ታፈሰ ያሏትን አንዲት ቃል ለጌታ በሉት፤ "አውርደው" በሉት። ከዚያ በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ፣ ከዱካው ተነሡለት።