የኤሊ ቤት የሩር ተራ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ፣ የሌለው ካለው ይዋስ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳም ዕቃም አፍ በነበረው ጊዜ፣ የኤሊ ጀርባ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነበር። መጠኑም ከትርንጎ አይበልጥም። ጅብም ያኔ አያነክስም ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

በዚያ ዘመን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እንስሳት በየዓመቱ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በልደት ቀን፣ ትልቁ ሜዳ ላይ ገና ይጫወቱ ነበር። ጫፉ የጎበጠውን ዱላ፣ ገናውን፣ ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። የሚመታውን ድቡልቡል፣ ሩሩን፣ የሚያመጣው ግን ተራ የደረሰው ቤት ብቻ ነው። ዳኛው ነጭ ካባ የለበሰው አለቃ ጉሬዛ ነበር። ሕጉም አጭር ነው። ፀሐይ ከሜዳው ዳር ሾላ አናት ስትደርስ ሩር ሜዳ ላይ ካልተገኘ፣ ያ ቤት ከዚያ ወዲያ ተራም አያገኝ፣ ጨዋታም አይገባ።

አንድ ዓመት ተራው ለታች ሰፈሩ ለኤሊ ቤት ደረሰ። አባወራው አያ ድንጋዬ ይባላል። ዕድሜው የገፋ፣ ጠንቃቃ፣ ሁሉ ነገር የሚያሳስበው ኤሊ ነበር። ቅጠል ሲወድቅ አንገቱን ይሰበስባል። ቅጠሉ መሬት ሲነካም እንደገና ይሰበስባል።

«ከዘር ማንዘሬ ይህ ተራ የደረሰው የለም» አለ ለሚስቱ ለእመት ርጋታ። «ካላደረስኩት ልጆቼ ሲያረጁም መሳቂያ ናቸው።»

ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና ሰማች። «አያ ድንጋዬ፣ ሩሩ ለዘንድሮ ገና ነው?»

«ለዘንድሮ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ለዘንድሮ ፋሲካ ያድርስዎ» አለችና ሳቀች። ዛፉም አብሯት ሳቀ።

አያ ድንጋዬ ታኅሣሥ ሲጠባ ቤተሰቡን አሰባስቦ ሥራ ገባ። ልጆቹ የወይራ ሥር ቆፍረው አወጡ። እመት ርጋታ ፍቃ ፍቃ አድቦለቦለችው። አያ ድንጋዬ ራሱ ጠፍር አለበሰው። ያማረ ሩር ሆነ። ባማረም ጊዜ አፍ አወጣ።

«ጠፍሬ ደረቀ፤ ቅቤ ቀባኝ» አለ። አያ ድንጋዬ ቀባው።

«አሁንም ልሰነጠቅ ነው፤ ቀባኝ» አለ። ደግሞ ቀባው።

«አለቃ ጉሬዛ ፊት እንዲህ ሆኜ ልቅረብ?» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ቀባው።

እመት ርጋታ አፍንጫዋን ያዘች። «ኧረ አንተ ሰው፣ ቅቤው በዛ። ይህ ሽታ ማንን እንደሚጠራ አታውቅም?»

«ከሚሰነጠቅ ይሽተት» አለ አያ ድንጋዬ። ጥንቃቄው በዛና ዓይኑን ጋረደው።

ሌላው ገና ጠላውን ሳይጠነስስ እነሱ በገብርኤል ማግስት ተነሡ። አያ ድንጋዬ ሩሩን በግንባሩ እየገፋ ከፊት፣ እመት ርጋታ ጠላ በቅል፣ ልጆቹ ትንንሽ ገናቸውን አዝለው ከኋላ።

ከወንዙ ደረሱ። ወንዙ በለስላሳ ድምፅ «ደክማችኋል። ሩሩን ለእኔ ጣሉት፤ አንከባልዬ ላድርስላችሁ» አለ።

አያ ድንጋዬ አሰብ አደረገ። «ወዴት ነው የምትፈስሰው?»

«ወደ ቆላ።»

«ሜዳው ደጋ ነው» አለና ሩሩን በድንጋዮቹ ላይ አሻገረው። ልጆቹ «አባባ ወንዝ አሸነፈ» እያሉ ተሻገሩ።

ከአቀበቱ ደረሱ። አቀበቱ «ተመለሱ። እኔ ላይ የወጣ ድቡልቡል ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል» አለ።

እውነቱን ነበር። ሩሩ ወጣ ሲል ተንከባለለ፤ ወጣ ሲል ተንከባለለ። በሦስተኛው እመት ርጋታ ከኋላው ገብታ በጀርባዋ ደገፈችው። ልጆቹም እርስ በርስ ተደጋገፉ። አያ ድንጋዬ ሲገፋ እነሱ ይይዛሉ፤ እሱ ሲያርፍ እነሱ ይይዛሉ። እንዲህ እያሉ በልደት ቀን ማለዳ ከአናቱ ወጡ። ሜዳው ከታች ታየ። አያ ድንጋዬ አንገቱን በሙሉ አውጥቶ ቆመ። እንዲያ ሲያደርግ ልጆቹ አይተውት አያውቁም።

በዚህ ጊዜ የቅቤው ሽታ የጠራው አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጣ። በጨዋታው የላይ ሰፈር በር ጠባቂ እሱ ነበር።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ።

«ምን ያለ ሩር ነው እናንተዬ፤ እስቲ ልየው» አለ። አየው። ሲያይ ላሰው። ሲልስ ነከሰው። ሩሩ «ወይ ቅቤ፣ አስበላኸኝ» ከማለቱ ጠፍሩ ተዋጠ፣ የወይራውም ሥር እንደ አጥንት ተቆረጠመ።

«ምን አደረግህ አንተ?» አለች እመት ርጋታ።

አያ ጅቦ አፉን ጠረገ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለና ቁልቁል ሮጠ።

ባዶ እጃቸውን ሜዳ ገቡ። ፀሐይ ወደ ሾላው አናት ቀርባለች። «ሩሩስ?» አለ አለቃ ጉሬዛ። «ለፋሲካ ነው አላልኳችሁም?» አለች ጦጢት። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። የአያ ድንጋዬ ታናሿ ልጅ ገናዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

አያ ድንጋዬ ያቺን ገና አየ። ፀሐይን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ ራሱን ሰብስቦ ድቡልቡል ሲል ኖሯል። አሁን ግን ሳይሰበሰብ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ እስከ ሜዳው መካከል ሄደ።

«አለቃ፣ የኤሊ ቤት ሩሩን አምጥቷል» አለ።

«የታል?»

«ይኸው» አለና አንገቱን ከተተ፣ እግሮቹን ከተተ፣ ድቡልቡል አለ። ፀሐይም ያን ጊዜ ከሾላው አናት ደረሰች።

ማንም አልሳቀም። እመት ርጋታ «አጥብቀህ ግባ» አለችው። አለቃ ጉሬዛ ካባውን አራገፈና «ተጀመረ» አለ።

ገናው ወረደበት። ከርከሮ መታው፣ ሚዳቋ መታው፣ ጥንቸል መታው። ለስላሳው ጀርባ ተሰነጣጠቀ፤ እሱ ግን አልተከፈተም። በመጨረሻ ከርከሮ ከልቡ ሲመታው ወደ ላይ ሰፈር በር በረረ። አያ ጅቦ ይህንንም ሊውጥ አፉን ከፍቶ ዘለለ። አልደረሰበትም። አያ ድንጋዬ ዳሌውን መታው፣ ጅቦም ወደቀ፣ ሩሩም በሩን አልፎ ገባ።

የታች ሰፈር እልልታ አስተጋባ። አንገት ብቅ አለ።

«አያ ጅቦ» አለ አያ ድንጋዬ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

አለቃ ጉሬዛ ተነሥቶ «የኤሊ ቤት ተራ ለልጅ ልጅ ጸና» ብሎ ፈረደ። ጦጢትም ከዛፏ ወርዳ «አባባ፣ እኔ ልሸከምዎ» አለች። «በእግሬ ነው የመጣሁት፣ በእግሬ እመለሳለሁ» አላት።

እመት ርጋታ ከጠላው ቅል ሥር ትንሽ ቅቤ አወጣችና ስንጥቁን ቀባችለት።

«ይህ ከየት መጣ?» አለ።

«ከአንተ ደብቄ ያተረፍኩት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብ ያነክሳል። የኤሊ ጀርባም ያ ሁሉ መስመር አለበት፤ የገናው ምት ነው። ኤሊ አያፍርበትም፤ ለልጆቹ ያወርሰዋል። ተራ የተቀበለ ቤት፣ ዕቃው ቢጠፋ ራሱን ያቀርባል።

እኔ ተረቴን ሜዳ ላይ ጥያለሁ፤ ገና ያላችሁ ተቀበሉኝ።