እርጥብ ጠፍር

«አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ አልጋ ገዛ» አሉኝ እማሆይ አስካለ፣ ምስር ከሚለቅሙበት ሰፌድ ቀና ሳይሉ።

እኔ የጠየቅኋቸው ስለ ልጄ ነበር። ሶልያና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ ከሰዓት እስክትወጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ስልኳን እፈትሻለሁ። ሁለት ወር ሆናት ካናገረችኝ። አንዱ ዘመዴ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አጥብቀህ ያዝ» ይለኛል፣ ሌላው «ኧረ ልቀቃት፣ አነቅካት» ይለኛል። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል። ግራ ቢገባኝ ነው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ መጥቼ «ምን ያህል ልያዛት?» ያልኳቸው። ስለ አልጋ ማን ጠየቃቸው?

«እማሆይ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም ብለህ ስማ። አፍህ ሲሠራ ቆይቷል፣ አሁን ተራው የጆሮህ ነው።

«የገዛው የጠፍር አልጋ ነው፤ ያንተ ዘመን ልጅ አያውቀው ይሆናል። እንጨቱ በአራት ማዕዘን ተሰክቶ መሐሉ በበሬ ቆዳ ጠፍር ይጠላለፋል። ትንሽ ናት፣ ለሕፃን የምትበቃ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯ ገብቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹አራስ ልጅ ከእናቱ ጉያ ሌላ ምን አልጋ ያሻዋል?› ብሎ ሳቀበት። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ሰውየው ግን የደረሰበትን እሱ ያውቃል። የመጀመሪያ ልጃቸው ጠፍሩ በረገበ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ተንከባልሎ ወድቆ ነው የሞተባቸው። ስምንት ወሩ ነበር። እናም ማለ፤ ይኼኛው ልጅ የሚተኛበት አልጋ እንደ ከበሮ ይወጠራል አለ።

«እንጨቱን በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው። ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በሰም ደፈነ፣ የኑግ ዘይት ቀባው፣ ከጓዳው ብርሃን የሚገባበትን ጥግ ጠራርጎ ለቀለቀ። እስከዚህ ድረስ እጁ ይባረክ! ከዚያ አዲስ ቆዳ ገዝቶ ተለተለ፣ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ እርጥቡን ጠፍር በእግሩ እንጨቱን ረግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጎተተ ቋጠረው። ፀሐይ ላይ አወጣው። በሦስተኛው ቀን የጎኑ እንጨት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ግራ ገባው። አንዱ ‹እንጨቱ አርጅቷል› አለው። አንዷ ‹ዓይን ነው! ሳይወለድ አልጋ ይሰናዳል እንዴ?› አለችው። ሌላው ‹አብዝተህ ጎተትክ› ሲለው አጠገቡ ያለው ‹የለም፣ አሳንሰህ ነው› አለ። ሁሉም እውነት መሰለው። እንጨቱን ለውጦ እንደገና አሠረው፤ አሁን ደግሞ ከፊተኛው አብልጦ ጎተተ። ጧ! የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?»

መልስ የሚጠብቁ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ጠፍሩ እኔ ልሁን ልጄ፣ እንጨቱስ ማን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

«ቆዳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ለምኖ አመጣ። አልጋውን አዩት፣ ሰውየውን አዩት። ‹አንተ ሰው፣ እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁሉንም አንተ ጎትተህ ከጨረስከው ፀሐይ ምን ይጎትት? እንጨቱን ነዋ!› አሉት። እንጨቱን ለውጠው፣ ጠፍሩን ነክረው፣ አላልተው አሠሩለት። መሐሉ ወደ መሬት ረገበ። ሰውየው ሲያየው ያ ልጁ የወደቀበት አልጋ መሰለው። ‹እስኪደርቅ እጅህን አንሣ› ብለውት ሄዱ።

«ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌው ከደጅ ሳይርቁ፣ የልጁ ራስ የሚያርፍበትን ጠፍር ፈትቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎትቶ ቋጠረው። አንድ ብቻ ነው። አንድ ምን ያመጣል ብሎ።

«በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል ሲባል እሱ ወደ ጓዳ ሮጠ። የረገበው ጠፍር ሁሉ ደርቆ ልክ ሆኗል። ያ እሱ የነካው አንዱ ግን እንጨቱን አጉብጦታል፤ እንጨቱ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ቢላዋ አነሣና ቆመ። ከቆረጠው በልጁ ራስ በኩል ክፍት ሊሆን ነው። ካልቆረጠው እንጨቱ ተሰብሮ አልጋው ከነልጁ ሊወድቅ ነው። ሽማግሌው የሉም፤ የሚጠይቀው ሰው የለም። ለልጄ ብሎ በገዛ እጁ ያሠረውን ጠፍር፣ በገዛ እጁ ቆረጠው። እንጨቱ ቀና አለ። በምትኩ ሌላ እርጥብ ጠፍር ላላ አድርጎ አስገባ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኛችበት።»

እማሆይ ይኼን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው አንተ ነህ። ጠፍሩ አያያዝህ ነው፣ እንጨቱ ልጅህ ናት። ፀሐዩ ደግሞ አንተ በሌለህበት የሚሠራው ነው፦ ትምህርቱ፣ ዕድሜዋ፣ የራሷ ልቡና፣ እግዚአብሔርም አለ። አንተ ግን ለማንም ሳታስተርፍ ሁሉንም ብቻህን ጎትተህ ልትጨርስ ትፈልጋለህ። ምን ያህል ልያዛት አልከኝ። እሱን አላውቅም፤ እኔ መነኩሴ ነኝ፣ ልጅ አላሳደግሁም። ግን ሁለት ወር አላናገረችኝም ስትል ሰምቼሃለሁ። እንጨት ሲጢጥ ሲል ስለ ልክ አይጠየቅም፤ ቢላዋ ነው የሚነሣው።»

«የቱን ልቁረጥ?»

«አይ አንተ! አጥብቀህ የጎተትከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?»

አውቀው ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ላይ መቆሜን ነው። ጓደኞቿ እያዩዋት ወደ እኔ ስትመጣ መሬት መሬቱን ነው የምታየው። ግን አምና ከሠፈራችን አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠፍታ ቀርታለች። እናቷ እስከ ዛሬ ፎቶዋን ይዛ ትዞራለች። እማሆይ ይኼን የት ያውቃሉ?

ነገርኳቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው አዳመጡኝ።

«ነገ በሩ ላይ ካልቆምኩ እማሆይ… እፈራለሁ» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ፍራ እንጂ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውየው ፍርሃቱ ለቀቀው አልኩህ? እየፈራ ነው የቆረጠው።»