ከፍሬኑ የጀመረው ሰው

አንድ ብረት በያጅ ነበር፤ ጥጋቡ ይባላል። የሚኖረው በኮረብታ ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ፣ በላይኛው ጫፍ ነው። ከቤቱ በር የሚነሣው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እሱም ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርድና ገበያው መሀል ያበቃል። ይህ ሰው አንድ ቀን መኪና ሊሠራ ተነሣ። ሊገዛ አይደለም፤ ሊሠራ።

የሞቱ መኪኖችን ሰበሰበ። ተገልብጦ ከተጣለ ፒክአፕ ሞተር፣ ካምቢዮና ፍሬን አወጣ። ከአሮጌ ታክሲ መሪና ወንበር ነቀለ። አጥንቱን ከአራት ማዕዘን ብረት በየደ፤ ላሜራ ኋላ ሊያለብሰው አሰበ። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ በአድናቆት ነበር የሚያየው። ሣቁ የመጣው ጥጋቡ ሞተሩን በጆንያ ሸፍኖ ጥግ ካስቀመጠው በኋላ ነው። ሥራውን ከፍሬኑ ጀመረ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚቸኩለው ሞተር ለማስነሣት ነው። ሞተር ሲጮህ ሰው ይሰበሰባል፤ የሠሪውም ልብ ይሞላል። ጥጋቡ ግን ባዶውን ብረት አራት ጎማ አሰረለትና ድንጋይ ጫነበት። በግቢው ተዳፋት ላይ ለቀቀውና ፍሬኑን ረገጠ። ቆመ። ድንጋይ ጨመረና እንደገና ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን አልቆመም፤ የዶሮ ቤቱን ይዞ አጥር ውስጥ ገባ።

«ጥጋቡ!» አለ ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው የእህል ነጋዴ። «ያልተነሣ ነገር ማቆምማ እኔንም አያቅተኝም! ቤቴን አታየውም? ይኸው ሠላሳ ዓመት ቆሟል!»

ሰፈሩ ሣቀ። ጥጋቡም ሣቀ። ከዚያ የፒክአፑን ፍሬን ፈትቶ ጣለና ከአንድ የተሰባበረ ሚኒባስ ከበድ ያለ ፍሬን አምጥቶ ገጠመ። የፍሬኑን ዘይት የሚያደርሱትን ቱቦዎችም ሁለት አደረጋቸው፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው እንዲይዝ። ለዚህ ብቻ አሥራ አራት ወር ፈጀ።

ሚስቱ ዘነቡ ታጋሽ ነበረች። ግን እሷም ሰው ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞተሩን አንድ ቀን እንኳ አስነሣውና ድምፁን እንስማ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ፍሬን እየሠራ ነው በያቸው።»

«እሱን ስላቸው አይደል እንዴ የሚሥቁት!»

«ይሣቁ። ሣቅ ሰው አይገጭም።»

ምክንያቱን አልነገራትም። ጥጋቡ ያለፈ ነገር የሚያወራ ሰው አይደለም። ነገሩ ግን አጭር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የመኪናው ፍሬን ደካማ ነው፤ ባለቤቱም ማሠራት አይወድም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ መቆም ባስፈለገ ቁጥር ሁለት ልጆች ከጭነቱ ላይ ይዘላሉ። እየሮጡም ጎማው ሥር ታኮ ይከታሉ፤ ታኮ ማለት ጎማ የሚያግድ እንጨት ነው። የመኪናው ፍሬን እነሱ ነበሩ። የሚበሉት ሌላው በልቶ የተረፈውን፣ የሚተኙትም ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ይርዳው የሚባለውን ጓደኛውን ጭቃው አዳለጠው። ጎማው አልጠበቀውም። ጥጋቡ በማግሥቱ ያንን ሥራ ተወ። ከዚያ ወዲህ የይርዳውን ስም ለማንም አንሥቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሞተሩ ገባ። ተነሣም። ዘነቡ እልል አለች፤ ሰፈሩም ተከተላት። ነገር ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር መጡና መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ጎበዝ ነህ» አሉ። «ግን ከግቢህ አይወጣም። መንገዱ የሚያበቃው ሰው መሀል ነው። ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ይፈትኑኝ።»

«አንድ ጊዜ እፈትንሃለሁ። ካልቆመልህ ይፈርሳል፤ ለቆራሌው ይሰጣል። ተስማማን?»

ጥጋቡ መኪናውን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። «ተስማማን» አለ።

ፈተናው ገበያ በማይውልበት ማክሰኞ ሆነ። ሰው ግን እንደ ገበያ ቀን ወጣ። ከጠጅ ቤት የመጡት፣ ከትምህርት ቤት የቀሩት፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር። «ስንት ይሮጣል? ኧረ ጥጋቡ፣ ስንት ይሮጣል?»

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ እየተደገፉ ቀረቡ። ጋሽ ወንድይራድ ነበሩ፤ የዚያ የጭነት መኪና ሹፌር። ጥጋቡ ካያቸው ሃያ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፦

«የት ይቆማል?» አሉት።

ጥጋቡ የኖራ ባልዲ አንሥቶ ቁልቁል ወረደ። ወደ ገበያው ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው በመንገዱ አግድም ነጭ መስመር አፈሰሰ። ተመልሶ ወጣና «እዚያ» አለ። ለሊቀ መንበሩም «ያንን ካለፈ አልቆመም በሉ» አላቸው።

ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረ። «አራት ኩንታል አውሰኝ።»

«ለምንህ?»

«ልጭንበት። ባዶውን ማቆም ማቆም አይባልም።»

«እህሌ ቢበተንስ?»

«ለዶሮዎቼ ካሣ ይሆናላ!» አለች ዘነቡ። «ቤታቸው ከፈረሰ ስንት ጊዜው!»

ነጋዴው እየሣቀ እህሉን አስጫነ። ጥጋቡ መሪው ጋ ሊቀመጥ ሲል ጋሽ ወንድይራድ ሌላኛውን በር ያዙ።

«ልግባ?»

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ። ባይቆምስ?»

«ያኔ እናንተ ጎማ ሥር ስትገቡ እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ አብሬህ ልቀመጥ።»

ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ በሩን ከውስጥ ከፈተላቸው።

መኪናው ወረደ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እህሉ ከኋላ ሲገፋው በፍጥነት። ከጠበቀው በላይ ሮጠ። ጥጋቡ ፍሬኑን ረገጠ፤ ከበታች አንድ ነገር ጧ ብሎ ጮኸና ፍሬኑ ከእግሩ ሥር ወደ ውስጥ ሰመጠ። አንዱ ቱቦ ፈንድቶ ነበር። ገበያው እየቀረበ መጣ። እንደገና ረገጠ፤ በሙሉ ክብደቱ ረገጠ። ሁለተኛው ቱቦ ያዘ። ጎማዎቹ ጮኹ፤ አቧራው መኪናውን ዋጠው።

አቧራው ሲገለጥ መኪናው ቆሟል።

ከተማዋ በጩኸት ተናጋች። ነጋዴው ራሱ እየዘለለ «ቆመ! ጎረቤቴ እኮ ነው!» ይላል። ሊቀ መንበሩ እያጨበጨቡ መጡ። ጥጋቡ ግን ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከፊተኛው ጎማ ሥር አቧራውን በእጁ ጠረገ። ኖራው ታየ። በመዳፉ ለካና ተነሣ።

«አልፏል» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አንድ ስንዝር አልፏል።»

«ስንዝር ምን አላት!» አለ ነጋዴው። «ማን አየ? ንዳው! ገበያው ድረስ ንዳው!» ሰዉ ተቀበለው። «ንዳው! ንዳው! ንዳው!»

ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ገበያው ሃምሳ እርምጃ ነው። ሁለት ዓመት ሲሥቅበት የኖረው ሰው ሁሉ ዛሬ ስሙን ይጠራል። ስንዝሯን ያየው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ጥጋቡ ቁልፉን በሊቀ መንበሩ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «አንዱ ቱቦ ፈንድቷል። ፍሬኑ የጎደለ መኪና ገበያ መሀል አልነዳም። ተስማምተናል፤ ያፍርሱት።»

ጩኸቱ ቆመ። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ብዙ ጊዜ አገላበጡት።

«እኔ ቆሟል ብዬ ልፈርም ነበር የመጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ለማፍረስ ሳይሆን ሰው እንዳይሞት ነው ፈተና ያልኩህ። ለዚያ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ጠባቂ ነህ። ቱቦውን ቀይረህ በወሩ ጥራኝ።» ቁልፉን መለሱለት።

ጋሽ ወንድይራድ ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉና መኪናውን ከፊት በሁለት እጃቸው ደገፉ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!» አሉ። ሰዉ ተረባርቦ መኪናውን ወደ ላይ መለሰው። በወሩ ሌላ ቱቦ ገብቶለት ወረደ፤ ኖራው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ጥጋቡ ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገበያው ድረስ ነዳ።

ያን ማክሰኞ መኪናውን ያቆመው ከሞተ ሚኒባስ የተገኘ ፍሬን ነው። ሰውየውን ያቆመው ግን ከየትም አልተነቀለም፤ ራሱ ውስጥ ሲሠራው የኖረው ነው። እኛ ሰው ስናደንቅ ስንት እንደሚሮጥ እንጠይቃለን፦ በሀብቱ፣ በሥልጣኑ፣ በንግግሩ። የት እንደሚቆም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ራሱን ማቆም የማይችል ሰው ሲሮጥ ግን የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሠራው መቆሚያው ነው፤ ሩጫው ይደርሳል።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ? ሰው ሁሉ «ንዳው» እያለ ሲያጨበጭብላችሁ፣ ጉድለታችሁን ያያችሁት እናንተ ብቻ ስትሆኑ፣ ትቆማላችሁ?